ባዶ መስሏቸው ያጠፉት ክፍል

የሆስፒታላችንን ስልክ ሃያ ሰባት ዓመት ያነሳው ሰው ወላጆቹ ያወጡለት ስም ነበረው፤ ያንን ስም ግን ከመታወቂያው ወረቀት በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ለሁላችንም «ጋሼ ሃሎ» ነው። እኔ ካርድ ክፍል ስሠራ እሱ ከጎኔ ባለችው ጠባብ ክፍል ማዞሪያው ላይ ይቀመጥ ነበር። ክፍሏ መስኮት የላትም። ዓይነ ስውር ስለሆነ ምን ያደርግለታል ብለው መሆን አለበት። እሱ ግን በሙቀቱ ወራት ላብ በላብ ሆኖ ሲቀቀል፣ «መስኮት እኮ ለማየት ብቻ አይደለም፤ ነፋስም ይገባበታል» ብሎ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቷል። አንዱንም ያነበበለት የለም።

በሥራው ግን የሚስተካከለው አልነበረም። ከሦስት መቶ በላይ የውስጥ መስመር ቁጥሮች በቃሉ ያውቃል። ሐኪሞቹን ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ከአተነፋፈሳቸው ይለያቸዋል። የደወለችው ሴት ሳግ ይዟት መናገር ቢያቅታት እንኳ፣ ከለቅሶዋ መሃል አንዲት ቃል ለቅሞ ወደ ማዋለጃ ይሁን ወደ ሬሳ ክፍል ማገናኘት እንዳለበት ያውቃል። አንድ ቀን አዲስ አስተዳዳሪ መጣና ስልክ የሚመልስ ማሽን አስተከለ። ማሽኑ ቁጥር ይቆጥራል፤ ለሚያለቅስ ሰውም፣ ለሚሳደብ ሰውም እኩል ይቆጥራል። ጋሼ ሃሎን ቢሮ ጠርተው፣ «አንተ ደክመሃል፤ ቤትህ እረፍ» አሉት። ለጡረታው አራት ዓመት ይቀረው ነበር።

«ደከመኝ ብዬ ለማን ተናገርኩ?» አለኝ፣ ዕቃውን በካርቶን ሲሰበስብ። «ሰው ሳይጠይቁት እንዴት ይደክማል?»

ቤት መቀመጡ አልሆነለትም። የዓይነ ስውራን ማኅበሩ የኮምፒውተር ሥልጠና ይሰጥ ነበርና ገባ። እሱን የሚመስሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ፕሮግራም በስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ ያነብላቸዋል። አማርኛውን አፍንጫው እንደተደፈነ ሰው ነው የሚያወራው፤ ቢሆንም ያወራል። ጋሼ ሃሎ ድምፁን «ምክትሌ» ብሎ ሰየመው። «በሥራ ዘመኔ ምክትል ይቀጠርልኝ ብዬ ስጠይቅ ኖርኩ፤ በጡረታዬ አገኘሁ» ይል ነበር።

ቤታቸው ያለው ኮምፒውተር ግን አንድ ነው፤ ፈላጊዎቹ ሦስት ናቸው። ሚስቱ የሒሳብ መምህርት ናት፤ የሃያ ዓመት የፈተና ወረቀቶቿን የጻፈችው በጥንቱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ስለሆነ፣ ከአሮጌው ዊንዶውስ ውጪ ሲከፈቱ ፊደሎቹ ጭረትና የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ። ልጃቸው ሥነ ሕንፃ ትማራለች፤ የእሷ የንድፍ ፕሮግራም ደግሞ አዲሱን ዊንዶውስ ካልሆነ አልነሳም ይላል። ለጋሼ ሃሎ ደግሞ ማኅበሩ የሰጠው ምክትሉ ያለበት ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ነው። እና ከማኅበሩ አሠልጣኝ መጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ የኮምፒውተሩን ዲስክ እንደ ቤት ሦስት ክፍል አድርጎ ከፈለውና በየክፍሉ አንድ አንድ ሲስተም ጫነ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ለአሥር ሰከንድ የሦስቱ ዝርዝር ይወጣል። ዝርዝሩ ድምፅ የለውም። ስለዚህ የእሱን መጀመሪያ ላይ አደረገለት፤ እሱ ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ብቻ ይጫናል። ልጅቷ አንዴ ወደ ታች፣ እናትየዋ ሁለቴ ወደ ታች ወርደው ይገባሉ። ሦስቱም ተስማምተው መኖር ጀመሩ።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልምጣ፤ የተቃጠልኩትም በእነሱ ነው።

ጋሼ ሃሎ ዕድሜውን ሙሉ የሚፈልገው ንባብ ነው። መጽሐፍ ሰው ሲያነብለት ኖሯል፤ ግን የሚያነብልህ ሰው ይደክመዋል፣ ይዘላል፣ ቀጠሮ አለብኝ ይላል። ስለዚህ ሚስቱ ስካነር ተዋሰች። ፈተና አርማ ስትጨርስ ስካነሩ አጠገብ ትቆምና መጽሐፉን ገጽ በገጽ እየገለበጠች ስካን ታደርጋለች። ከዚያ ፕሮግራሙ ፎቶውን ወደ ፊደል ይለውጠዋል፤ ምክትሉ ያነባል፤ ጋሼ ሃሎ እያዳመጠ የተሳሳተውን ያርማል። ስህተቱ አያልቅም። «ሰማ» የሚለውን ፕሮግራሙ «ለማ» ያደርገዋል፤ እና በየገጹ ለማ የሚባል ማንም ያልጠራው ሰው ይመጣል። «ዐይን» የሚለውን ቃል ደግሞ ዐ-ን ዜሮ ቁጥር እያደረገ «ዜሮ ይን» ብሎ ያነብለታል። ጋሼ ሃሎ መጀመሪያ የሰማው ቀን ወንበሩ ላይ እስኪንፈራፈር ሳቀ። «ይኼስ የሚያውቀኝ ነው!» አለ።

በአራት ዓመት አርባ አንድ መጽሐፍ ጨረሱ። አርባ አንዱንም እሱ ቃል በቃል አርሟቸዋል። ከዚያ ሌላ የራሱ ጽሑፍ ነበረው፤ ማዞሪያው ላይ ተቀምጦ ስለሰማቸው ሰዎች፣ መቶ ምናምን ገጽ። አንዳንዱን አንብቦልኛል። አንድ አባት ልጁ መዳኑን ሲሰማ ስልኩን መዝጋት ረስቶ ሲዘፍን የሰማበትን ገጽ አልረሳውም።

ልጅቷ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ደረሰች። ንድፎቿ ከበዱ፤ ኮምፒውተሩ ማዝገም ጀመረ፤ ቦታ አነሰኝ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ጋሼ ሃሎ ደም ግፊቱን ለመታየት ወጥቶ፣ እናትየዋም ክፍል እያስተማረች ሳለ፣ ልጅቷ ኮምፒውተሩን አስጭና መንገድ ዳር ወዳለው ጥገና ቤት ወሰደችው። ከሰዓት በኋላ መለሰችው።

ጋሼ ሃሎ ሲመለስ እንደ ልማዱ ጃኬቱን ሰቅሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አበራ። ቆጠረ። ኢንተርን ተጫነ። ምክትሉ አልተናገረም። በምትኩ የዊንዶውሱ የመክፈቻ ድምፅ መጣ። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ አጠፋና እንደገና አበራ። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሞክሮ ልጁን ጠራት።

«ይቺ ነገር ምን ሆናለች?»

«ባለሙያው አስተካክሏት ነው አባዬ። አሁን እንዴት ፈጣን እንደሆነች ብታይ!»

«የኔስ?»

«የትኛው ያንተ?»

የትኛው ያንተ! ይህን ሲነግረኝ ቃሉን ሁለቴ ደገመልኝ። ቀስ ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ባለሙያው ቦታ ለማስፋት የሆነ ነገር እንዳጠፋ፣ ምን እንደሆነ ግን በደንብ እንዳላወቀች ነገረችው። እናትየዋ ስትመጣ የባሰ ነገር ታወቀ፤ ዝርዝሩ ጨርሶ አይወጣም። የእሷ አሮጌ ሲስተም ክፍሉ ባይነካም በሩ ተደፍኗል፤ ፈተናዎቿን መክፈት አትችልም።

በማግሥቱ እናትየዋ ትምህርት ቤት ስለነበረች ጋሼ ሃሎ ወደ እኔ ደወለ። «ጥገና ቤቱ ድረስ ውሰጂኝ» አለኝ። ክንዴን ይዞ ሄድን። ጥገና ቤቱ የተከፋፈቱ ኮምፒውተሮች እንደ ታረደ ከብት የተዘረጉባት፣ መሬቷ በሽቦ የተሞላች ሱቅ ናት። ባለሙያው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ቁጢጥ ብሏል። ቀና ብሎ ጋሼ ሃሎን አየውና ወደ እኔ ዞረ።

«ማዘር፣ ምን ፈልገው ነው?»

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሼ ሃሎ መለሰ። «እኔን ጠይቀኝ። የማላየው እንጂ የማልናገር አይደለሁም።»

«እሺ ፋዘር፣ አይቆጡ።»

«የማንም ፋዘር አይደለሁም። ትናንት ያጠፋኸውን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። አንድ ክፍል ነበር፤ መጀመሪያው ላይ። ምን አደረግከው?»

ባለሙያው አስታወሰ። ሳቅ እያለ፣ «እሱ? ባዶ መስሎኝ ነው» አለ። «ዊንዶውሱ ላይ ስም እንኳ የለውም። ከፍቼ ላየው ብል አይከፈትም። ዝም ብሎ ቦታ የያዘ ነገር ነው ብዬ ለልጅትዋ ንድፍ ጨመርኩላት።»

«ያልተከፈተልህ ነገር ሁሉ ባዶ ነው?»

«እንደሱ አይደለም...»

«አርባ አንድ መጽሐፍ ነበረበት።»

ባለሙያው ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለ። ትንሽ እንደ መጨነቅ ሲል አየሁና፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «ሌላ ቦታ ግልባጭ አላስቀመጡም?» አለ። ቀጥሎም በዓለም ላይ ካሉ ቃላት ሁሉ መርጦ፣ «አይዞዎት ፋዘር፤ ሬዲዮ አለ አይደል?» አለው።

እኔ ደሜ ፈላ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ጮሄ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮህኩ። አንተ ዓይን አለህና ቴሌቪዥን ይብቃህ፣ ትምህርት ምን ያደርግልሃል ቢሉህ ትወዳለህ ወይ፣ አልኩት። ሌላም ብዙ ተናግሬያለሁ፤ ሁሉንም አልደግመውም። ጋሼ ሃሎ ክንዴን ጨበጥ አደረገኝ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» አለው ባለሙያውን፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ከማጥፋትህ በፊት ይህ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል?»

ይሄኔ ባለሙያው ተናደደ። እንደ ተበደለ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጠይቄያለሁ እኮ!» አለ። «ልጅዎትን ጠየቅኳት። ‹የአባቴ ነው፤ ብዙም አይጠቀምበትም፤ እሱ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ አጥፋው› አለችኝ። እኔ ምን ላድርግ?»

ለካ የሬዲዮዋ ነገር የእሱ አልነበረችም።

ጋሼ ሃሎ ወደ በሩ ዞረ። «እንሂድ» ብቻ አለኝ። መንገዱን ሙሉ ክንዴ ላይ ያለው እጁ እንጨት ሆኖ ነበር። የቤቱ በር ላይ ስንደርስ ቁልፉን እያወጣ፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ» አለኝ። «ሃያ ሰባት ዓመት የሰው ሚስጥር ስሰማ ኖሬ የራሴን ቤት ከመንገድ ዳር ሰማሁ።»

ያን ቀን ቤታቸው የሆነውን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። እሱ አልጮኸም። የጮኸችው እሷ ናት። «አራት ዓመት ወገቤን የቆረጠኝ ለማን ነው? ለዚያ ሁሉ ገጽ ስቆም የት ነበርሽ? እዚሁ ጎኔ ተቀምጠሽ ስልክሽን ትነካኪ አልነበር?» አለቻት። ልጅቷ አለቀሰች። መጻሕፍቱ እዚያ መሆናቸውን አላወቅኩም አለች። እውነቷን ነው፤ አላወቀችም። አንድም ቀን፣ አባዬ ምን እያደረግክ ነው፣ ብላ አልጠየቀችማ። አብሮ መኖር ማወቅ ይመስላቸዋል።

ከሚስቱ ፍላሽ ላይ ስድስት መጽሐፍ ተገኘ። ሠላሳ አምስቱ ጠፉ። የራሱ ጽሑፍም ጠፋ። ከማኅበሩ አሠልጣኙ መጥቶ ቢፈልግም፣ በዚያ ቦታ ላይ ንድፍ ስለተጻፈበት ምንም ማውጣት አልተቻለም።

ሳምንት ሙሉ ጋሼ ሃሎ ከልጁ ጋር ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገረም። በሳምንቱ እሷ ፈራ ተባ እያለች መጣች። «አባዬ፣ ሌላ ጥሩ ባለሙያ አግኝቻለሁ። እሱ መልሶ ይጭንልሃል።»

«ባለሙያ የተባለ የዚህን ቤት ደፍ አይረግጥም። እኔው እጭነዋለሁ።»

«እንዴት? ስክሪኑን ማን ያነብልሃል?»

ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው በደል ያላነሰ አቃጠለው። ክፉ አስባ አይደለም፤ ያ ነው የሚያቃጥለው። ክፉ ያሰበ ሰው ቢሆን ትጣላዋለህ። አዝኖልህ የሚያጠፋህን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ?

ስልኩን አነሳና ሌላ ከተማ ወደሚኖር ጓደኛው ደወለ። ጓደኛው የፖስታ ቤት ማዞሪያ ላይ የሠራ፣ እንደሱ ዓይነ ስውር ነው፤ ሁለቱ ሳይገናኙ በመስመር ብቻ ሃያ ዓመት ተዋውቀዋል። ይህን ነገር ለራሱ ሁለቴ ሠርቶታል። «መጫኛው ድምፅ አለው» አለው። «የመጫኛውን ፍላሽ ከማኅበሩ ወስደህ፣ ሰክተህ ስታስነሳው አንዴ ጢጥ ይላል። ጢጥ ሲል የኤስን ፊደል ተጫን፣ ከዚያ ኢንተር። አንድ ደቂቃ ታገሥ። ካልታገሥክ አበላሸኸው ማለት ነው። ከዚያ ራሱ እያነበበ ይጠይቅሃል።»

የሚያስፈራው አንድ ቦታ ነበር። የእሱ ክፍል ስለጠፋ፣ ለአዲሱ ቦታ የሚገኘው ከልጅቷ ክፍል ላይ በመቁረስ ነው። እዚያ ላይ እጅ ከሳተ የዓመት ሥራዋ ሊሄድ ይችላል። ጋሼ ሃሎ ይህን ያውቃል። ስለዚህ አንድም ቁልፍ ሳይነካ ሚስቱን አስቀመጣትና የልጅቷን ንድፎች በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ አስገለበጣት። ሲጨርሱ፣ «እንደገና» አላት። በሌላ ዲስክ ላይም ተገለበጠ። «አሁን አንድ በአንድ ክፈቺና እዪ» አላት። ሚስቱ ከፈተች፣ አየች። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመረ። መጀመሪያ ሚስቱ ከኋላው ቆማ በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ታነብለት ነበር። ማሽኑ አንድ ነገር ያነባል፤ እሷ ሌላ መስመር ታነባለች፤ ሁለቱ ተደራርበው ግራ አጋቡት። «አንዳችሁ ዝም በሉ!» አለ። ማሽኑ ዝም ካለ ሥራው ይቆማል፤ ስለዚህ ዝም ያለችው ሚስቱ ናት። እንዳትፈተን ብሎም የሞኒተሩን ገመድ ነቀለውና ወደ ጎን ገፋው። እሷም ወረቀት ልታርም ወደ ሌላው ክፍል ገባች።

ልጅቷ እኩለ ቀን ላይ ከግንባታ ቦታ ጉብኝት ስትመለስ ያየችው ይህንን ነው። አባቷ የጠቆረ ስክሪን አጠገብ ተቀምጦ ይጽፋል፤ ገመዱ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ማሽኑም የአዲሱን ዊንዶውስ ክፍል መጠን እያነበበ ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ ሮጠች።

«አባዬ ምን እያደረግክ ነው? ፕሮጀክቴ! ሐሙስ ነው የማስረክበው! አትንካው! በናትህ አትንካው!»

ማሽኑ፣ ለውጡ ወደ ኋላ እንደማይመለስ አስጠንቅቆ፣ ይቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ሃሎ ሁለት እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ።

«ፕሮጀክትሽ ስንት ሉህ ነው?» አላት።

«ሃያ አራት። አባዬ እባክህ...»

«ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

«ዓመት።»

«የኔ አራት ዓመት ነው የፈጀው። የታችኛውን መሳቢያ ክፈቺ።»

ከፈተችው። ዲስኩን አየች።

«ሥራሽ እሱ ላይ አለ። ሌላ ግልባጭ እናትሽ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ሃያ አራቱንም እናትሽ ከፍታ አይታቸዋለች። አንድ ቁልፍ ሳልነካ በፊት ይህን አስደርጌአለሁ። ይህ ማሽን አሁን ቢቃጠል ከሥራሽ አንዲት መስመር አትጠፋም። ልብሽ ቆመ አይደል? ለእኔ ይህን ያደረገልኝ ሰው ነበር? አጥፋው ስትዪ፣ ቆይ እስቲ አባቴን ልደውልለት ማለት አቃተሽ? ስልክ እንደሆነ ሁሌ አነሳለሁ!»

እናትየዋ ከበሩ ላይ ሆና ሰማች። ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ይቅርታ አባዬ፤ ባዶ አድርጌ ነው የቆጠርኩህ» አለችው።

«ይቅርታሽን ሰምቻለሁ» አላት። «ቁጣዬ ግን ገና አላለቀም። አሁን ሥራዬን ልጨርስ።» እጁን መልሶ ኪቦርዱ ላይ አደረገና ቀጥል አለው።

በአንድ ጊዜ አልተሳካም። ሊኑክሱ ተጫነ፣ ምክትሉ አፍ አወጣ፤ ግን ዝርዝሩ ላይ የወጡት ሁለት ሲስተሞች ብቻ ናቸው፤ የሚስቱ አሮጌ ዊንዶውስ የለም። የሦስተኛው ሩብ ዓመት ፈተና ደርሶ ስለነበር ሚስቱም ተነጫነጨች። ሦስት ቀን ሙሉ ከፖስታ ቤቱ ጓደኛው ጋር ስልክ ላይ ተጥደው፣ ትእዛዝ በትእዛዝ እየጻፈ፣ እየተሳሳተ፣ እየተሳደበ ዋለ። ሰኞ የተሳደበውን ስድብ በሃያ ሰባት ዓመት ሥራው አንድም ቀን ከአፉ አልሰማሁም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ወጡ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ዝርዝሩ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ጢጥ እንዲል አደረገው። ያንን የመጀመሪያው አሠልጣኝ እንኳ አላደረገለትም ነበር። ልጅቷ ሐሙስ ሃያ አራቱን ሉህ አስረከበች።

እኔ ወደ ጥገና ቤቱ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ጋሼ ሃሎ የጻፈውን ወረቀት ይዤ ነው የሄድኩት፤ «ከማጥፋታችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቃለን» የሚል አንድ መስመር ነው፤ ግድግዳው ላይ እንዲለጥፈው። ባለሙያው ተቀብሎ፣ «እሺ ማዘር፣ እለጥፋለሁ» አለ። በወሩ ሳልፍ ገብቼ አየሁ። የለም። የስልክ ሽፋን ማስታወቂያ ነው የተለጠፈው።

ልጅቷ እሑድ እሑድ ስካን ማድረግ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም፤ አባቷም አላመሰገናትም፤ ብዙ ጊዜም ዝም ብለው ነው የሚሠሩት። አንዳንዴ ግን አንድ ገጽ አጣማ ስታስገባ፣ «አስተካክለሽ አስቀምጪ እንጂ፤ እናትሽ እንዲህ አታደርግም ነበር» ይላታል፤ እሷም «እናቴ ሰባት ሰዓት ሙሉ አልቆመችማ» ትለዋለች፤ ይነታረካሉ። መነታረካቸውን የሰማሁ ቀን ደስ አለኝ። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ መጽሐፍ ደርሰዋል። የራሱን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሯል፤ ያንን የዘፈነውን አባት ታሪክ እንደ በፊቱ አድርጎ መጻፍ ግን እንዳቃተው ነግሮኛል። ያንን ያጠፋውን ሰው እኔ ይቅር አልልም። እሱ ይቅር ልበል ካለ ይበል።

የሠራው ሥራ ወሬው በማኅበሩ በኩል ተሰማ፤ እንደሱ ከኮምፒውተራቸው የሚያነብላቸው ድምፅ የጠፋባቸው ሰዎች ይደውሉለት ጀመር። ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው ስሄድ በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ፣ «ስልክ ላይ ነው፤ ተቀመጪ» አለችኝ። አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት የደወለችው፤ ዓይኗ የጠፋው በዕድሜዋ ማምሻ ነው። ጋሼ ሃሎ ተራ በተራ ይነግራታል፤ ታገሡ ይላታል፤ አሁን ምን አለ ብሎ ይጠይቃታል፤ ስትሳሳት ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። በመጨረሻ የእሷ ማሽን ሲናገር ከስልኩ ውስጥ ለእኔም ተሰማኝ፤ ሴትየዋም መጮኋን ሰማሁ።

ስልኩን ዘግቶ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። ደስ ብሎታል ብዬ ነበር።

«ይህቺ ዘጠነኛዋ ናት» አለኝ። «ዘጠኙንም ማን እንዳጠፋባቸው ጠየቅኳቸው። አንዱም ሌባ አይደለም፤ አንዱም ቫይረስ አይደለም። ወንድም፣ ልጅ፣ አማች። ዘጠኙም የገዛ ቤተሰባቸው! ዘጠኙንም ለመጠየቅ ያሰበ የለም!»

ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ሚስቱ ቀስ በል አለችው፤ ደም ግፊትህን አስብ አለችው። እሱ ግን አልሰማትም፤ እኔ ተነሥቼ እስክሄድ ድረስ ስለ ዘጠኙ፣ አንድ በአንድ፣ እየተቆጣ ሲነግረኝ ዋለ።